ሆዴ ነው ያልኩት መቀነት

ይህን የምጽፍላችሁ ጀግንነቴን ላወራ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግና ካለ ኮዲ የሚባል አንድ አሜሪካዊ ነው፤ ቀኝ እጁ ዛሬም ከትከሻው በላይ አይነሳም። ለዚያ ያበቃሁት እኔ ነኝ። ስትጨርሱት ብትፈርዱብኝ አልቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የምኖረው ቴክሳስ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ነው፤ ከዳላስ ኤርፖርት አጥር ማዶ ማለት ይቻላል። ሥራዬ በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተንበርክኮ ሻንጣ መደርደር ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሻንጣ ስጎትት ወገቤ አለቀ። መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የወገብ ድጋፍ አለ፤ ላስቲኩ ያሳክካል፣ ስጎነበስ ወደ ላይ ይሸሻል። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ከአልጋ ስነሳ እንዴት እንደማቃስት ሁለት ቀን ሰማች። በሦስተኛው ቀን የራሷን መቀነት ፈታችና «ና ቁም!» አለችኝ። እንደ ሕፃን እያሽከረከረች ጠመጠመችብኝ። «ወገብ የሚይዘው ይሄ ነው፤ አራስ የሚጠነክረው በምን መሰለህ?» አለች። እሷ ወደ አገሯ ስትመለስ መቀነቱ እኔ ጋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከዩኒፎርሜ ሥር ሳልታጠቀው ሥራ ገብቼ አላውቅም። ሰው እንዲያየኝ ግን አልፈልግም። የአርባ ስድስት ዓመት ወንድ የአራስ መቀነት ታጥቆ ቢገኝ የሥራ ጓደኞቼ እስከ ጡረታዬ ይስቁብኛል።

ሌላው ነገር ቁጣዬ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ በፈገግታ ሰው የማስገባው እኔ፣ ቤቴ ስገባ ሌላ ሰው ነበርኩ። እጮሃለሁ፣ በር ወርውሬ እዘጋለሁ፣ ዕቃ እሰብራለሁ። «ተሳስቻለሁ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም።

ታላቋ ልጄ ሊዲያ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷን እንደጀመረች አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የመኪናችን የኋላ በር ሰርጉዶ አየሁ። መኪናዋን ከእኔ ሌላ የምትነዳው እሷ ብቻ ነበረች። «ገጭተሽ ዝም አልሽ?» ብዬ ጀመርኩ። «ዳዲ፣ እኔ አይደለሁም» አለች። ባለች ቁጥር እየባሰብኝ ሄደ። ውሸታም አልኳት። ስልኳን ከእጇ ነጥቄ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት። ስብርባሪው ጉንጯን ጫረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና መንዳት ተወች፤ ከእኔ ጋር የምታወራው «እሺ» እና «አይ» ብቻ ሆነ።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ፣ በሠራተኞች ፓርኪንግ ውስጥ በአንድ ቢጫ የብረት ምሰሶ አጠገብ ሳልፍ፣ በወገቤ ቁመት ላይ የመኪናችን ቀለም ተለጥፎበት አየሁ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እንቅልፍ እየገፋኝ ወደኋላ ስወጣ አንድ ነገር ገጭ ብሎ ነበር፤ የመንገዱ ጠርዝ ነው ብዬ ሄጃለሁ። የገጨሁት እኔ ነኝ። አወቅሁ፤ ዝም አልኩ። አባት ነኛ! አባት ለልጁ ምን ብሎ ይጀምራል? ዝምታውም እየቆየ ሲሄድ ጭራሽ ለመናገር ከበደ።

ስምንት ወር እንዲሁ አለፈ። ልትመረቅ ስትል ለምረቃዋ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሳ «ስካይዳይቭ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ከአውሮፕላን በፓራሹት፣ ከሰው ጋር ታስረህ ነው የምትዘለው። ትመጣለህ?» አለች። በስምንት ወር ውስጥ የነገረችኝ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ከፍታ እፈራለሁ፤ መሰላል ላይ እንኳ አልወጣም። ግን በነሐሴ ኮሌጅ ልትሄድ ነው፤ እንዲህ ተኮራርፈን ከሄደች እንደማትመለስልኝ ልቤ ያውቀዋል። «እመጣለሁ» አልኩ።

የመረጠችው ቦታ ዳላስ አካባቢ አልነበረም። በቴክሳስ ደቡባዊ ጫፍ ዘንባባና ሞቃት ባሕር ያለበት ዳርቻ ነው፤ ከዩለስ ዘጠኝ ሰዓት ያስነዳል። ባለቤቴ ከሆስፒታል ሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች ሁለታችን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ መስኮት መስኮቱን አየች። እኔም ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጬ ስነዳ ወገቤ ተንጨረጨረ። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ከሞቴል ስንወጣ መቀነቱን ጥብቅ አድርጌ ታጠቅኩና ቲሸርቴን ከላዩ ለበስኩ።

ቦታው ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳና አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በአዳራሹ መሐል ረጅም ጠረጴዛ ላይ ማሪሳ የምትባል ወጣት ፓራሹት ታጥፋለች፤ ጨርቁን በክርኗ እየተጫነች አየሩን ስታስወጣ ለአፍታ ቆሜ አየኋት። ፎርም ሰጡን። «የጀርባ ወይም የወገብ ሕመም አለብህ?» ይላል። የለብኝም ብዬ ምልክት አደረግሁ።

እኔን ይዞኝ የሚዘለው ኮዲ መጣ። ግራጫ ጢም ያለው፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ማሰሪያውን በእግሬና በትከሻዬ እያስገባ በእንግሊዝኛ «አንገትህ ላይ፣ ኪስህ ውስጥ፣ የትም ቦታ ልቅ የሆነ ነገር አለ? ላይ ስንሆን ነፋሱ ያላገኘው ነገር የለም» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

እጁ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቆመ። በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ወፍራም ነገር ምንድነው?»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ሊዲያ ሁለት እርምጃ ርቃ ታየኛለች። ዙሪያችን በእሷ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቆመዋል። ቲሸርቴን ገልቤ የእናቴን መቀነት ላሳይ? ወገቡን ያመዋል ብለው ቢያስቀሩኝስ?

«ሆዴ ነው! የእንጀራ ሆድ!» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ኮዲም ሳቀ። ሊዲያ ሳቀች! አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፤ «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ!» አለች። ስምንት ወር ያላየሁት ሳቅ ነው። በዚያች ደቂቃ አንገቴን ብትቆርጡኝ ቃሌን አልመልስም ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊቱ አስቀምጦ ከራሱ ጋር አቆራኘኝና በጆሮዬ ጮኸ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ፤ ልቅ ነገር የለም አይደል?»

«ምንም የለም!» ብዬ አውራ ጣቴን አነሳሁ። ሊዲያ ያን ሳቅ ገና ከፊቷ ላይ አልጨረሰችውም።

በሩ ሲከፈት ነፋሱ እንደ ቡጢ ገባ። ሊዲያ ከሴት አስተማሪዋ ጋር ቀድማ ወጣች፤ ነበረች፣ ከዚያ የለችም። ኮዲ ወደ ጠርዙ ገፋኝ። ከሥሬ ባሕሩ አረንጓዴ፣ አሸዋው ነጭ ክር ሆኖ ይታያል። ለመጸለይ ጊዜ አልሰጠኝም፤ ወደቅን።

የአየሩን ጉልበት ያልቀመሰ ሰው አይገባውም። ጉንጬን ወደ ጆሮዬ ጎተተው፤ ትንፋሽ አፌ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ኮዲ ፍጥነታችንን የምትቀንሰዋን ትንሿን ፓራሹት ሲለቅ ተሰማኝ። ደህና ነን ማለት ነው አልኩ። ወዲያው ቲሸርቴ ከማሰሪያው ሥር እየተጎተተ ወደ ደረቴ ወጣ። ሆዴን ብርድ መታው። ከዚያም ወገቤ ላይ ጠብቆ የነበረው ነገር አንድ ዙር ላላ።

በእጄ ልይዘው ሞከርኩ። ነፋሱ ክንዴን መልሶ ወረወረው። ሁለተኛው ዙር ተፈታ። ጫፉ ተፈናጥሮ ፊቴን እንደ አለንጋ ገረፈኝ፤ ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሜን ቀመስኩ። ከዚያ ሽቅብ፣ ወደ ኮዲ ሄደ። ከጀርባዬ ሲጮህ ሰማሁት። ቀኝ ክንዱ ላይ ተጠምጥሞበታል። ሊያስለቅቀው ሲታገል ክርኑ ማጅራቴን ሁለቴ መታኝ። ከፍታው ግን አይጠብቀንም፤ ዋናውን ፓራሹት መክፈት ነበረበት። ከፈተው።

ፓራሹቱ ሲወጣ የመቀነቱን ጫፍ ከገመዶቹ ጋር ጠቅልሎ ወሰደው። የኮዲ ክንድ አብሮ ሽቅብ ተነጨ። ስንጥቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ትከሻው ነው። የጮኸው ጩኸት ዛሬም ሻንጣ ስጎትት ይመጣብኛል። ፓራሹቱ በግማሹ ተከፍቶ በግማሹ ተኮማተረና መሽከርከር ጀመርን። ባሕር፣ አሸዋ፣ ባሕር፣ አሸዋ። እግሬ ወደ ጎን ተወረወረ፤ ደሜ ወደ እግሬ ሸሽቶ ዓይኔ ጭልም ሊል ደረሰ። «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» እላለሁ፤ ድምፄን እኔም አልሰማውም።

«ስማኝ!» አለ ኮዲ በጆሮዬ። «ይሄን ፓራሹት መጣል አለብኝ። አሁን ከጣልኩት ክንዴን ይዞ ይሄዳል። ከክንዴ በላይ ያለውን ጨርቅ ቁረጠው!» በግራ እጁ መንጠቆ የመሰለች ትንሽ ቢላ መዳፌ ውስጥ ጨመረ። እሱ ሽክርክሪቱ ስላጣመመው ሊደርስበት አልቻለም።

እጄን ወደኋላ፣ ወደ ላይ ሰደድኩ። አላየውም፤ በዳበሳ ነው። አገኘሁ ብዬ ጎተትኩ። የቆረጥኩት ሥጋ ነበር። ትኩስ ደም ፊቴ ላይ ተረጨ፤ መነጽሬን ሸፈነው። ኮዲ ተሳደበ፤ «ከዚያ በላይ! ከዚያ በላይ!» አለ። እንደገና ዳበስኩ። ጥጡን በጣቴ ለየሁት፤ በየጠዋቱ የምይዘው ጨርቅ ነውና አልሳትኩትም። ቢላዋን አስገብቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ተበጠሰ።

ኮዲ ፓራሹቱን የሚጥለውን ቀይ መያዣ በግራ እጁ ነቀለ። ፓራሹቱ ተለይቶን ሄደ፤ እንደገና ወደቅን። ከዚያ መጠባበቂያው ፓራሹት ፏ ብሎ ተከፈተና አከርካሪዬን እንደ ዱላ መታኝ። ጸጥ አለ። የሚሰማው የኮዲ ማቃሰት ብቻ ነው። ክንዱ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ደሙ በጣቶቹ ይንጠባጠባል።

«ቀኙን ገመድ አንተ ያዝ» አለኝ፤ ድምፁ እየደከመ ነው። «ሳታስብ እኔ የምልህን ብቻ አድርግ።»

በሕይወቴ ሰው ያለኝን ብቻ ያደረግሁት ያን ጊዜ ነው። ሳብ ሲል ሳብኩ፤ ልቀቅ ሲል ለቀቅኩ። አሸዋው እየሰፋ መጣ። «አሁን! ሁለታችንም! እስከ ታች!» አለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በግራ በኩል ያለው እጅ መሳብ ሲያቆም ተሰማኝ። በአንድ ጎናችን መሬቱን መታን። ጎድኔ ሲሰበር ሰማሁት። ነፋሱ ፓራሹቱን ሞልቶ በአሸዋው ላይ ጎተተን፤ አፌ፣ ዓይኔ፣ አፍንጫዬ አሸዋ ሞላ፤ የዛጎል ስባሪ ጉልበቴን ተለተለው። የኮዲ ጭንቅላት በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ከጭንቅላቴ ጋር ይጋጫል። በመጨረሻ ሰዎች ሮጠው ጨርቁ ላይ ወደቁበትና ቆምን።

ኮዲ ራሱን ስቷል። ሁሉም እሱ ላይ ተረባረቡ። አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ከኮዲ ክንድ ላይ ተፈትቶ ወገቤ ላይ ገና የተጠመጠመ የመቀነት ቁራጭ ነበረ፤ ማንም ሳያየኝ ጠቅልዬ ቲሸርቴ ሥር ወሸቅኩት። ሰውየው አጠገቤ እየደማ እኔ ማስረጃ እደብቅ ነበር።

ሊዲያ ከሩቅ እየሮጠች መጣች። ሁሉንም ከላይ፣ ከራሷ ፓራሹት ላይ ሆና አይታለች። በጉልበቷ ወድቃ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «ዳዲ! ዳዲ! አይ ሶው ዩ! አየሁህ! እየዞርክ... ሞትክ ብዬ ነበር!» እያለች ታለቅሳለች። ልጄን አገኘኋት አልኩ በልቤ።

አምቡላንስ ኮዲን ወሰደ። እኔንም ሊወስዱኝ ሲሉ ደህና ነኝ አልኩ። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሊዲያ እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ዋናው ፓራሹት ከተቆረጠው መቀነት ጋር ባሕር ገብቷል። ማንም የሚያውቅ የለም። «ኮዲ ባይነቃስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አላባረርኩትም፤ ትንሽ አስቀመጥኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የቦታው ባለቤት ፊቱ ቀልቶ ገባ። ቀጥ ብሎ ወደ ማሪሳ ጠረጴዛ ሄዶ በላዩ ያለውን ሁሉ በአንድ ክንዱ ጠረገው።

«ምን አድርገሽ ነው ያጠፍሽው?»

«በትክክል ነው ያጠፍኩት» አለች።

«ውሸታም! ሰው ገድለሽ ነበር!»

«እኔ አይደለሁም፤ እምላለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው ያጠፍኩት።»

«እኔ አይደለሁም» ባለች ቁጥር እየባሰበት ሄደ። ወንበር አንስቶ ቆርቆሮው ላይ ወረወረ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። «ውጪ! በማንኛውም የፓራሹት ሜዳ ዳግመኛ እንዳትቀጠሪ አደርግሻለሁ» ይላታል። እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከየትኛው ቤት እንደሚወጣም አውቃለሁ።

ሊዲያ እጄን ለቀቀች። ሰውየውን አይደለም የምታየው፤ ልጅቷን ነው። «ዳዲ፣ እሷ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አታይም እንዴ? እውነት ነው የምትለው። አውቃለሁ፤ አይ ኖው።»

ተነሳሁ። ጎድኔ ወጋኝ። አዳራሹ መሐል ቆሜ ቲሸርቴን ገለብኩት።

«እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ። የቀረውን መቀነት ፈትቼ መሬት ላይ ጣልኩት። «ይሄ ነው ገመዱ ውስጥ የገባው።»

አንድ ግዙፍ ሰው፣ የኮዲ ጓደኛ ነው፣ ጠጋ አለኝ። «ኮዲ አልጠየቀህም?»

«ጠይቆኛል። ሁለት ጊዜ።»

ቡጢው መንጋጋዬ ላይ ሲያርፍ አላየሁትም። ያው በተሰበረው ጎኔ ወደቅሁ። ሊደግመኝ ሲመጣ ሊዲያ በመሐላችን ገባች፤ ደረቱን በሁለት እጇ ገፍታ «ዶንት ቶች ማይ ዳድ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያን ፊት አልረሳውም፤ «ዋይ? ለምን ዋሸህ?» አለችኝ።

ማሪሳ ተራምዳኝ ወጣች። አመሰግናለሁ አላለችኝም፤ ማለትም የለባትም።

በማግስቱ ኮዲ ነቅቶ ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። የትከሻው ጅማት ተቀዷል፤ ክንዱ ተሰፍቷል። ዳግመኛ ሰው ይዞ እንደማይዘል ሐኪሞቹ ነግረውታል። ይቅርታ ስለው ረጅም ጊዜ አየኝና «ጠይቄህ ነበር እኮ» አለኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ አባቶች፣ ምክር ልሰጣችሁ አቅም የለኝም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ የእኔ ኩራት የአንድ ሰው ትከሻ በልቷል፤ ይቅርታዬ መልሶ አልገጠመለትም። አሁን ስቆጣ ድምፄ ከመውጣቱ በፊት «የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴ እረሳለሁ፤ ገና እየተማርኩ ነው። ታሪኩን የሰሙ ሰዎች የቱ ነው ያስፈራህ ይሉኛል፤ ሽክርክሪቱ ነው? ደሙ ነው? አይደለም። የሚያስፈራኝን የሰማሁት ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ነው።

በጎድኔ ምክንያት መንዳት ስላልቻልኩ የምትነዳው ሊዲያ ነበረች። ከስምንት ወር በኋላ መሪ መያዟ ነው። ሰዓታት ሄድን። በሁለቱም ወገን የበቆሎ ማሳ ነው።

«ሊዱ» አልኳት። «መኪናዋን የገጨሁት እኔ ነኝ። የሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ውስጥ።»

ጥቂት ነድታ ከመንገዱ ዳር አወጣችና አቆመች።

«መቼ አወቅክ?»

«በሦስተኛው ሳምንት።»

«ሶ... ሁሉንም ጊዜ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

መሪውን በመዳፏ መታችው። ደጋግማ መታችው። ጮኸች፤ የምትለው ግማሹ አልገባኝም፤ ሁሉንም ሰማሁ። ይበቃሻል አላልኳትም። ደክሟት ስታቆም ግንባሯን መሪው ላይ አደረገች፤ ስትናገር ድምጿ የሕፃን ሆኖ ነበር።

«ዳዲ፣ አንተ በጣም ጮህክ... ማለቴ፣ በጣም ሹር... እርግጠኛ ነበርክ። እኔ እኮ የነዳሁበትን ሁሉ መንገድ አስቤ አስቤ፣ ገጭቼ ሳላውቅ ይሆናል አልኩ። እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።»